ሁለት አገር ከማወዳደርሽ በፊት

ልጄ፣

የአገራችንን የእርሻና የምግብ ልቀት ከኒውዚላንድ ጋር አወዳድረሽ ለመጻፍ መነሣትሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። አገሩንም ደህና መርጠሻል። ብዙ ጸሐፊ ኢትዮጵያን ከአሜሪካ ወይም ከቻይና አጠገብ ያቆምና የፋብሪካው ጭስ የከብቱን ጉዳይ ውጦበት ይቀራል። ኒውዚላንድ ግን በዚህ ነገር ከእኛ ጋር የምትቀራረብ አገር ነች። መብራቷ በአብዛኛው ከውኃ፣ ከመሬት እንፋሎትና ከነፋስ ይመጣል፤ ከጠቅላላ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀቷ ግማሽ ያህሉ የሚወጣው ከእርሻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው የላምና የበግ ነው። የእኛም መብራት ከሞላ ጎደል ከግድብ ነው። በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂያችን ከልቀታችን ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነውን ከእርሻና ከደን የመጣ አድርጎ መዝግቦታል። እነዚህ ሁለት አገሮች ስለ አየር ንብረት ካወሩ ስለ ከብት ማውራታቸው የግድ ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዥልኝ።

እኔ ዕድሜዬን በከብት እርባታ ሙያ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ብዕርሽን ከማንሳትሽ በፊት ጥቂት ነገር ልምከርሽ። ከሁሉ አስቀድሜ የምነግርሽ፣ «ከሁለቱ ማን ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ እንደሌለው ነው። መልሱ በመረጥሽው መስፈሪያ ይለዋወጣል። መስፈሪያውም ሁሉ የየራሱን ጥያቄ ይመልሳል፤ አንዱ የአየሩን፣ አንዱ የፍትሕን፣ አንዱ የሥራን። የሚመችሽን መርጠሽ ሌላውን ከደበቅሽ፣ ቁጥርሽ እውነት ሆኖ ጽሑፍሽ ሐሰት ይሆናል።

ሦስቱን በተራ ላሳይሽ። መጀመሪያ በጠቅላላ ድምር ስፈሪ። ስትራቴጂያችን የ2010ን ልቀት፣ ጋዙን ሁሉ በካርቦን ዳይኦክሳይድ መንዝሮ፣ 150 ሚሊዮን ቶን ብሎ አስቀምጦታል፤ ከዚያ ውስጥ 65 ሚሊዮኑ የእንስሳት እርባታ፣ 12 ሚሊዮን ያህሉ የሰብል ልማት ነው። የኒውዚላንድ እርሻ በዚያው ዘመን የሚለቀው ወደ 40 ሚሊዮን ቶን ነበር። በዚህ መስፈሪያ የእኛ ይበልጣል፤ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው።

አሁን ደግሞ ለሰው ቁጥር አካፍዪው። ኒውዚላንድ በ2010 ከአራት ሚሊዮን ተኩል የማይበልጥ ሕዝብ ነበራት፤ እኛ ከ80 ሚሊዮን በላይ ነበርን። ለአንድ ኒውዚላንዳዊ ወደ 9 ቶን ሲደርሰው ለአንድ ኢትዮጵያዊ 1 ቶን አይሞላም። በዚህ መስፈሪያ እነሱ በአሥር እጥፍ ገደማ ይበልጡናል።

ሦስተኛው መስፈሪያ ምርት ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ከኒውዚላንድ የእርሻ ሙቀት አማቂ ጋዝ ምርምር ማዕከል ጋር ሆኖ በ2017 ስለ ኢትዮጵያ የወተት ከብት አንድ ጥናት አውጥቷል። በዚያ ጥናት ለአንድ ኪሎ ወተት በአማካይ ከ20 ኪሎ በላይ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ይወጣል። የኒውዚላንድ ወተት ግን ለአንድ ኪሎ ከ1 ኪሎ በታች ነው። በዚህ ሲሰፈር እኛ ከ20 እጥፍ በላይ እንበልጣለን።

እንግዲህ ሦስቱም እውነት ናቸው። አየሩ የሚያውቀው ድምሩን ነው፤ በማን ስም እንደተለቀቀ አይለይም። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ቁጥር ማን ምን ያህል እንደተጠቀመ፣ ከማንስ ቀድሞ መጠየቅ እንደሚገባ ያሳያል። የወተቱ ቁጥር ደግሞ የት ቦታ ብዙ ሥራ እንደቀረ ይናገራል። ለፍትሕ ጥያቄ የወተቱን ቁጥር መልስ አድርጎ ማቅረብ ድሃውን መውቀስ ነው። ለሥራ ጥያቄ የነፍስ ወከፉን ቁጥር መልስ አድርጎ ማቅረብም ከሥራ መሸሽ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ በሁለተኛው በኩል እንዳንወድቅ እሰጋለሁ፤ የነፍስ ወከፉ ቁጥር ስለሚያስደስተን እዚያው ላይ ቁጭ ማለት ይቀናናል።

ሁለተኛው ምክሬ፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ሳይገባሽ ቁጥሩን አትጻፊው። ከወተቱ ጀምሪ። በሚያመሰኩ እንስሳት ጨጓራ ውስጥ ሣሩንና ጭዱን የሚያብላሉ ረቂቅ ሕዋሳት አሉ። ሲያብላሉት ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ሌሎች ሕዋሳት ደግሞ ሃይድሮጅኑን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋሕደው ሚቴን ያደርጉታል። ሚቴኑም አብዛኛው በግሳት በአፍ ይወጣል። ላሟ ታለበችም አልታለበችም፣ ነፍሷን ለማቆየት እስከበላች ድረስ ታገሳለች።

የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓነል የ2006 መመሪያ ለአንዲት የአፍሪካ የወተት ላም በዓመት 46 ኪሎ ሚቴን፣ ኒውዚላንድ ላለችበት ለኦሺኒያዋ 90 ኪሎ መድቧል። ላም ለላም ከሆነ የእኛዋ የምትለቀው ግማሽ ያህል ነው ማለት ነው። አንድ ኪሎ ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት የ28 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል ብለን እናባዛው፤ የእኛዋ ወደ 1,290 ኪሎ፣ የእነሱዋ 2,520 ኪሎ ይመጣል። አሁን ወተቱን አግቢበት። ያገራችን ላም በዓመት 300 ሊትር፣ የኒውዚላንዷ 4,200 ሊትር ትሰጣለች ብለን እንያዝ። ለአንድ ሊትር የእኛዋ ከ4 ኪሎ በላይ፣ የእነሱዋ 0.6 ኪሎ ሆነ። ያነሰ የምታገሳው ላም በሊትር ሲሰላ ሰባት እጥፍ በለጠች።

እስከ 20 እጥፉ የቀረው ልዩነት ከላሟ ኋላ የቆመው መንጋ ነው። የእኛ ጊደር የመጀመሪያ ጥጃዋን የምታየው አራት ዓመት ገደማ ሲሞላት ነው፤ የኒውዚላንዷ በሁለት ዓመቷ ትወልዳለች። የእኛዋ ላም ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል እየቆየች ትወልዳለች፤ የእነሱዋ በየዓመቱ። ጊደሯ ስትጠብቅ ትበላለች፣ ላሟ ስትነጥፍ ትበላለች፣ ኮርማውም በሬውም ይበላሉ፤ በበሽታ የሚሞተው ጥጃም እስኪሞት ድረስ በልቷል። የሚታለበው ግን ከመንጋው ጥቂቱ ነው። የመኖው ጥራት፣ የእንስሳት ሕክምናውና የዝርያው ጉዳይ ሁሉ በዚያች አንዲት የሊትር ቁጥር ውስጥ አለ። ያው የ2017ቱ ጥናት እንደሚያሳየው በአገራችንም ለገበያ የሚሠሩት የወተት እርባታዎች ለአንድ ኪሎ ወተት የሚለቁት ከገጠሩ ቅይጥ እርሻ በብዙ ያነሰ ነው። ልዩነቱ በመኖና በአያያዝ የሚመጣ መሆኑን እዚሁ በአገራችን ማየት ይቻላል።

ይህን ከጻፍሽ በኋላ ግን አንድ ነገር ሳትጨምሪ እንዳታልፊ። የእኛ ገበሬ ላም የሚያረባው ለወተት ብቻ አይደለም። ከላም በሬ ይወለድለታል። የጤፍ ማሳ ተደጋግሞ መታረስ ይፈልጋል፤ ጥማድ በሬ የሌለው ገበሬ አንዱን በሬውን ይዞ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ አንድም የሌለው ደግሞ መሬቱን ለሌላ ይሰጣል። በሬው ያርሳል፣ በመኸር ጊዜ አውድማ ላይ ያበራያል። እበቱ ኩበት ሆኖ ከምጣድ ሥር ይገባል፣ ፍግ ሆኖ ጓሮውን ያለማል። ሕመም የገባ ለት ወይም ልጅ የሚዳር ለት ከብቱ ይሸጣል። ይህን ሁሉ ሥራ በኒውዚላንድ ትራክተር፣ ባንክና ኢንሹራንስ ይሠሩታል፤ የትራክተሩ ነዳጅም የሚመዘገበው ከእርሻው መዝገብ ውጪ፣ በኃይል ዘርፍ ነው። የመንጋውን ልቀት በሙሉ በወተቱ ላይ የሚጭን ሒሳብ ካየሽ፣ የበሬው ድካም የት እንደተጻፈ ጠይቂ።

ሦስተኛው ምክሬ ስለ ጋዞቹ ነው። ሁሉንም ወደ አንድ ቁጥር ጠቅልለሽ ካስቀመጥሽ በኋላ እንደገና ፈትተሽ አሳዪ። ሚቴን አየር ላይ የሚቆየው አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ነው፤ በዚያ ጊዜ ግን ኃይለኛ ነው። በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል፣ በሃያ ዓመት ሲሰላ 80 እጥፍ ገደማ ያሞቃል። ናይትረስ ኦክሳይድ ከማዳበሪያና ከከብት ሽንት ይወጣል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል፣ ጉልበቱም በመቶ ዓመት ስሌት ከ260 እጥፍ በላይ ነው። ኒውዚላንድ ግጦሽዋ ላይ ብዙ ዩሪያ ስለምትበትን ከ2021 ጀምሮ በአንድ ሔክታር ግጦሽ ከ190 ኪሎ በላይ ሰው ሠራሽ ናይትሮጅን በዓመት እንዳይጨመር ደንብ አውጥታ ከልክላለች። የእኛ ገበሬ ችግር በብዙ ቦታ ተቃራኒው ነው፤ ማዳበሪያው ያንሰዋል ወይም በሰዓቱ አይደርስለትም። ስለዚህ የእነሱን ደንብ ቃል በቃል ወደኛ ማምጣት አይሆንም። ማዳበሪያ መጨመራችን አይቀርምና የእኛ ሥራ በመጠኑና በጊዜው እንዲሆን ማድረግ ነው።

በሚቴን ጉዳይ በኒውዚላንድ የምትሰሚው አንድ ክርክር አለ። የከብቱ ቁጥር ካልጨመረ፣ የድሮው ሚቴን እየጠፋ በአዲሱ ስለሚተካ፣ ተጨማሪ ሙቀት አይመጣም ይላሉ። ሳይንሱ መሠረት የሌለው አይደለም። ነገር ግን ይህን ስሌት ለሁለት አገር ማወዳደሪያ ስታደርጊው ምን እንደሚሆን አስቢ። ቀድሞ ብዙ ከብት ያበዛው አገር መንጋው ባለበት ስለረጋ ትንሽ አሞቂ ሆኖ ይታያል። ዘግይቶ ማርባት የጀመረው ደግሞ እያንዳንዱ አዲስ ላም እንደ ትልቅ ጥፋት ይቆጠርበታል። የረጋው መንጋ እየፈጠረ ያለው ሙቀት ግን ዛሬም አለ። መንጋው ቢቀንስ ዓለም ቶሎ የምትቀዘቅዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን አስረድተሽ ጻፊ።

አራተኛ፣ መዝገቡን ራሱን መርምሪ። የ2010ን ልቀታችንን የ2011ዱ ስትራቴጂ 150 ሚሊዮን ቶን ማለቱን ነግሬሻለሁ። በ2021 ለተባበሩት መንግሥታት የቀረበው የተሻሻለው ብሔራዊ የልቀት ቅነሳ ዕቅዳችን ግን ያንኑ 2010ን 247 ሚሊዮን ቶን አድርጎታል። በዚያ ዓመት ላይ የተጨመረ አንድም ላም፣ የተቆረጠ አንድም ዛፍ የለም፤ የተለወጠው የአቆጣጠሩ ዘዴና መረጃው ነው። ቅድም የጠቀስኩልሽ 46 ኪሎም ከእኛ ላሞች ተለክቶ የተገኘ ሳይሆን ለአፍሪካ በጅምላ የተመደበ ነው፤ መመሪያው በ2019 ሲከለስ የአፍሪካ ከብት ቁጥር ከፍ ብሏል። ኒውዚላንድ የየወሩን መኖና የየእንስሳውን ምርት ተከትላ በራሷ ስሌት ትቆጥራለች። አንዱ በአገሩ ልኬት፣ ሌላው በጅምላ ግምት ተቆጥሮ ሲወዳደሩ፣ ልዩነቱ የከብቱ ይሁን የመዝገቡ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ዓመቱ አንድ ይሁን፣ ማባዣው አንድ ይሁን፣ ዘዴው አንድ ይሁን፤ አንድ ካልሆነም አለመሆኑን በግልጽ ጻፊ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን አንዴ የታተመ ቁጥር አይለቀምም፤ ሰው ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው እየወሰደ ይደጋግመዋል።

አምስተኛ፣ ወሰኑን አስምሪ። «የእርሻ ልቀት»ና «የምግብ ልቀት» አንድ አይደሉም። እርሻ የሚባለው እስከ ማሳውና እስከ ጋጣው ደጃፍ ነው። ምግብ ስትዪ ግን ለእርሻ የተመነጠረው ደን፣ ማዳበሪያ ፋብሪካው፣ መኪናው፣ ማቀዝቀዣው፣ ምድጃውና የሚጣለው ትርፍራፊ ሁሉ ይገባል። በ2018 የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት ምግብ ከዓለም ልቀት 26 በመቶ ያህሉን ይይዛል ሲል፣ በ2021 የወጣው ሌላ ጥናት ለ2015 ዓመት 34 በመቶ ብሏል። አንዱ ሌላውን ስላስተባበለ አይደለም፤ ያሰመሩት ወሰንና የተጠቀሙበት መረጃ የተለያየ ስለሆነ ነው።

ወሰኑን ስታሰምሪ ሦስት ነገር አትርሺ። የመጀመሪያው ታሪክ ነው። ኒውዚላንድ ሰው ሳይገባባት አብዛኛው መሬቷ ደን ነበር፤ ዛሬ የተፈጥሮ ደኗ ከመሬቷ ሩብ ገደማ ነው። ከጥንት ነዋሪዎቹ ማኦሪዎች ዘመን ጀምሮ ደኑ እየተቃጠለ ቢመጣም፣ በ19ኛው መቶ ዘመን የገቡት አውሮፓውያን ሰፋፊውን ደን መንጥረው ግጦሽ አደረጉት። በ1882 ደኒደን የምትባል መርከብ የቀዘቀዘ ሥጋ ጭና እንግሊዝ ከደረሰች ወዲህም የበግ ሥጋና ቅቤ ዋና ንግዳቸው ሆነ። የዚያ ደን ካርቦን ግን ከ1990 በሚጀምረው የዛሬው መዝገብ ውስጥ የለም። የእኛ ገበሬ ዛሬ የሚመነጥረው ደን ግን ወዲያው ይጻፍበታል። ይህን ስትጽፊ ለእኛ ምንጣሮ ፈቃድ እየሰጠሽ እንዳይመስል ተጠንቀቂ፤ ደናችን ቢያልቅ ቀድሞ የሚደርቀው የራሳችን ምንጭ ነው። ግን የአንድ ዓመት መዝገብ የታሪክን ዕዳ እንደማያሳይ አንባቢሽ ይወቅ።

ሁለተኛው ንግድ ነው። ኒውዚላንድ ከምታመርተው ወተት 95 በመቶ ያህሉን ወደ ውጭ ትልካለች። ላሟ ያገሳችው እዚያ ነው፤ ዱቄት ወተቱን የሚጠጣው ግን በሌላ አገር ያለ ሕፃን ነው። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ልቀቱ የሚጻፈው በአምራቹ ስም ነው። ስለዚህ ያ 9 ቶን አንድ ኒውዚላንዳዊ የሚበላውና የሚጠጣው አይደለም። ለእኛ የፍትሕ ጥያቄ ስትጠይቂ ለእነሱም ይህን ፍትሕ አትንፈጊያቸው። የእኛ የቁም ከብትና ሥጋም ወደ ዐረብ አገሮች ስለሚሄድ ደንቡ እኛንም ይነካል።

ሦስተኛው የእኛው ማዕድ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ የፍልሰታንና የነቢያትን ጾም ብትደምሪ፣ የኦርቶዶክስ ምእመን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ከሥጋና ከወተት ተለይቶ ያሳልፋል። በቀረውም ጊዜ ቢሆን ሥጋ የዓመት በዓል እንጂ የየዕለት ምግብ ያልሆነበት ቤት ብዙ ነው። በአመጋገብ በኩል ዓለም ወደ ሽሮና ወደ ምስር ሂዱ እየተባለች ባለችበት ጊዜ እኛ ቀድመን እዚያው ነን። ለልጅና ለነፍሰ ጡር ደግሞ ወተትና እንቁላል ሊጨመርላቸው ይገባል እንጂ የሚቀነስላቸው የለም። ሆኖም ጾሙ በወተት ገበያ ላይ ሌላ ጣጣ አለው። በጾም ወራት ገዢ ይጠፋል፤ ላሟ ግን አትጾምም። የሚያቀዘቅዝና የሚያቆይ መሣሪያ በሌለበት፣ ወደ ቅቤና አይብ ያልተለወጠው ወተት ይበላሻል፤ ለዚያ ወተት የወጣው ሚቴን ግን አየር ላይ ቀርቷል። እንጀራ የምንጋግርበት ማገዶም የምግባችን ልቀት ነው፤ በእርሻ መዝገብ ስር ስለማይገኝ ብቻ ተረስቶ እንዳይቀር። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የደን ጥበቃ ሥራ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጭስ ውስጥ ለምትውለው እናትም ዓይንና ሳንባ ነው።

ስድስተኛ፣ ቁጥር ቀነሰ ሲሉሽ ለምን ቀነሰ ብለሽ ጠይቂ። ኒውዚላንድ በ1982 ወደ 70 ሚሊዮን በግ ነበራት፤ ዛሬ 25 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። መንግሥቱ በ1984 የእርሻ ድጎማውን ሲያነሣ የበግ እርባታ አዋጭነቱ ወረደ፤ ገበሬውም መሬቱን ወደ ወተት ላምና ወደ ደን አዞረው። ሆኖም የወተት ላሙ ከ1990 ወዲህ በብዙ ጨምሮ የበጉን መቀነስ አብዛኛውን መልሶ በላው። በእኛ አገር ደግሞ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ቀርቶ በቦረናና በሶማሌ ክልል ከብት አለቀ፤ ባለብዙ መንጋ የነበረ ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆነ። በመዝገብ ላይ ያ ሁሉ ሞት የሚታየው እንደ ልቀት ቅነሳ ነው። ከዚህ የከፋ ቅነሳ የለም። በድርቅ የወረደን ቁጥር በሥራ ከወረደው ጋር አንድ ዓምድ ውስጥ ብታስቀምጪ የሰውን ሐዘን እንደ ስኬት መቁጠር ይሆናል።

ሰባተኛ፣ ሰበብ አትፈልጊ። ኢትዮጵያም ኒውዚላንድም ከዓለም ልቀት የያዙት ድርሻ እያንዳንዳቸው ከ1 በመቶ በታች ነው። «የእኛ ድርሻ ትንሽ ነው» የሚለውን ቃል ሁለቱም ሊሉት ይችላሉ፤ ሁለቱም ውስጥ የሚሉት አሉ። ኒውዚላንድ ሀብታም ሆና እንኳ ነገሩ ቀላል አልሆነላትም። በ2003 መንግሥት ለከብት ጋዝ ምርምር የሚውል ቀረጥ ሊጥል ሲል ገበሬዎች ተቃወሙ፤ አንድ የፓርላማ አባል በትራክተር የምክር ቤቱን ደረጃ ወጣ፤ ቀረጡም ቀረ። በ2019 በወጣው ሕግ የከብት ሚቴን ከሌሎቹ ጋዞች ተለይቶ፣ በ2030 ከ2017ቱ በ10 በመቶ፣ በ2050 ከ24 እስከ 47 በመቶ እንዲቀንስ ተደነገገ። ነገር ግን እርሻን ለልቀቱ ዋጋ ለማስከፈል የተያዘው ዕቅድ ቀረ፤ በ2025 ደግሞ መንግሥት የ2050ን ግብ ወደ 14 እና 24 በመቶ ዝቅ እንደሚያደርግ አስታወቀ። ይህን የምነግርሽ እንድትነቅፊያቸው አይደለም። ገበሬው ያልተስማማበት፣ የሚተካበትም መንገድ ያልተዘጋጀለት ዕቅድ ወረቀት ላይ እንደሚቀር ከእነሱ እንድትማሪ ነው። እነሱ ዝቅተኛ ሚቴን የሚለቅ የበግ ዘር መርጠው እያራቡ ነው፤ ክትባትም እየፈለጉ ነው። ያም ይጠቅመናል። ግን የነገውን ክትባት ተስፋ አድርጎ የዛሬውን ሥራ መተው ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

ታዲያ የዛሬው ሥራ ምንድን ነው? ጽሑፍሽ ወደዚህ ካልመጣ ማወዳደሩ ከንቱ ነው። እኛ ወደ 70 ሚሊዮን ከብት አለን፤ ከአፍሪካ ትልቁ ነው። ጥቂት ከብት ጠግቦ፣ ጤናው ተጠብቆ፣ በጊዜው ወልዶ ብዙ እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል። ጭዱን በዩሪያ ማከም፣ አልፋልፋና የዝሆን ሣር በየአጥሩ ማልማት፣ ፋጉሎና ፍሩሽካ ለሚታለበው መስጠት፣ ገንዲንና ሌላውን በሽታ መከላከል፣ ሰው ሠራሽ የማዳቀል አገልግሎት በሰዓቱ እንዲደርስ ማድረግ፤ እነዚህ የታወቁ ሥራዎች ናቸው። የ2011ዱ ስትራቴጂም ከዚህ ጋር ዶሮ እርባታን ማስፋፋትና የበሬን ሥራ በከፊል በመሣሪያ መተካትን አስቀምጧል። በ2022 የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም በወተት፣ በእንቁላል፣ በዶሮና በማር ላይ ነው። እነዚህን ስታዪ አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ጠይቂ፤ የተሻለችው ላም የመጣችው በአሮጌዎቹ ፋንታ ነው ወይስ በአሮጌዎቹ ላይ ተጨምራ ነው? በላያቸው ከተጨመረች በሊትር የሚሰላው ልቀት ይወርዳል፣ ድምሩ ግን ይወጣል። ያን ጊዜ ሁለቱንም ቁጥር አብረሽ አሳዪ።

ገበሬውንና አርብቶ አደሩንም «ከብትህን ቀንስ» ብለሽ አትጀምሪ። ከብቱ ባንኩ ነው፤ ሌላ ባንክ ሳታሳዪው ያለውን ባንክ አፍርስ ልትዪው አትችዪም። ከ2012 ጀምሮ በቦረና የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት እያየ ለድርቅ ካሣ የሚከፍል የከብት ኢንሹራንስ ተሞክሯል። እንዲህ ያለው ነገር፣ የብድርና የቁጠባ አገልግሎቱ፣ አነስተኛ የእርሻ ትራክተሩ ሲደርስለት ሰው ብዛትን ትቶ ጥራትን ይመርጣል። የልቀት ቅነሳው ከዚያ ተከትሎ ይመጣል።

ስለ ቃናሽም አንድ ቃል። አንዳንዱ ጸሐፊ ሁለት አገር ሲያወዳድር አንዱን ከሳሽ ሌላውን ተከሳሽ ያደርጋል። አንቺ እንዲህ አታድርጊ። ኒውዚላንድ ከእኛ የምትማረው አለ፤ ጥራጥሬ የበዛበት ማዕድ፣ አንድን እንስሳ ለብዙ ጥቅም የማዋል ብልሃት፣ ምንም የማይጥል ጓዳ። እኛም ከእነሱ የምንማረው አለ፤ መኖን አስልቶ መመገብ፣ እያንዳንዷን ላም መዝግቦ ማወቅ፣ ምርምርን ከገበሬው ደጅ ማድረስ፣ ገበሬውን በማኅበር አደራጅቶ ወተቱን ገበያ ማብቃት። ያ የ2017 ጥናት ራሱ የሁለቱ አገር ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጡ እንደሚችሉ ያሳያል።

ስለዚህ ልጄ፣ ሦስቱንም መስፈሪያ አንድ ገጽ ላይ አስቀምጪ፤ የሚያስመሰግነንንም የሚያሳፍረንንም አትደብቂ። የነፍስ ወከፉን ቁጥር ይዘሽ ከሀብታሞቹ አገሮች ድጋፍና ቴክኖሎጂ ጠይቂ፤ መብታችን ነው። የወተቱን ቁጥር ይዘሽ ደግሞ የራሳችንን ቢሮ፣ የራሳችንን ምርምር ጣቢያ፣ የራሳችንን በጀት ጠይቂ፤ ግዴታችን ነው። መብቱን ብቻ የሚያወራ ሰው ነገ የሚሰማው አያገኝም፤ ግዴታውን ብቻ የሚያወራም የድሃውን ገበሬ ጀርባ ያጎብጣል። ጽሑፍሽን ስትጨርሺ ከብት ለሚያረባ አንድ ሰው አንብቢለት፤ ምን ማድረግ እንዳለበት ገብቶት፣ ሊያደርገው ቢፈልግ ከማን ምን እንደሚጠይቅ ካወቀ ሥራሽን ሠርተሻል። እግዚአብሔር ዕውቀትሽን ይባርክልሽ፣ ለወገንሽ የምትጠቅሚ ያድርግሽ።